የማዕድ ቤት አደረጃጀት በጠባብ ቤት

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ዱከም፣ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የተቋቋመባት የፋብሪካ ከተማ ናት። በእንዲህ ያሉ ከተሞች ለብዙ ተከራይ ቤተሰብ አንዲት ክፍል መኝታም፣ እንግዳ መቀበያም፣ ማዕድ ቤትም ትሆናለች። በዚህ ኑሮ ውስጥ ስለ ማዕድ ቤት አደረጃጀት ማንሣት ቅንጦት ይመስል ይሆናል፤ እኛ ግን ዕቅድ ይበልጥ የሚያስፈልገው ቦታ ለጠበበው ነው እንላለን።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1926 ኦስትሪያዊቷ የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ ለፍራንክፈርት ከተማ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች 6.5 ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ማዕድ ቤት ነደፈች። ዋና ዓላማዋ የቤት እመቤቷን ድካምና ምልልስ መቀነስ ነበር። ንድፉን እንዳለ ልንወስደው ግን አንችልም፤ በፍራንክፈርት እንጀራ አይጋገርምና።

በእኛ ቤት ወጥ በየዕለቱ ይሠራል፤ እንጀራ ግን በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ይጋገራል። ስለዚህ ውኃው፣ መክተፊያውና የወጥ ምድጃው በቅደም ተከተል ጎን ለጎን ይቀመጡ፤ ምጣዱ የዕለቱን ሥራ ሳይዘጋ የራሱን ጥግ ይያዝ። ሊጡና ማሰሻው በአንድ ወገን፣ እንጀራው የሚወጣበት ሰፌድ በሌላው ወገን ቢሆኑ ጋጋሪዋ በእሳት ላይ አትሻገርም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ኃይል ይስባል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ገደማ ነው። ቴሌቪዥን የሚሰካበት ቀጭን ማራዘሚያ ይህን አይሸከምም፤ ምጣዱ የራሱ መስመርና ቆጣሪ ሥር የራሱ ማቋረጫ ያስፈልገዋል። እንጨት የሚጠቀም ቤተሰብ «ምርጥ» የተባለውን ምድጃ ቢይዝ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ ማገዶው እስከ ግማሽ ይቀንስለታል፤ ከኋላ በሚወጣው ሙቀትም ድስት መጣድ ይችላል።

የዕቃ መደርደሪያን በተመለከተ በየዕለቱ የሚነሣው ከወገብ እስከ ዓይን ባለው ከፍታ ይቀመጥ። የፍስክ ድስትና ቢላዋ ለብቻ ቢሆን፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ታጥቦ ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሲወጣ ለሌላው ዕቃ ቦታ ይለቃል። ነጭ ጋዝ በለስላሳ ጠርሙስ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የከሰሉ ቦታ ነው። ከሰል ፍም ከሆነ በኋላ ጭሱ ስለሚጠፋ «አሁንስ አይጎዳም» ተብሎ ወደ መኝታ ይገባል፤ በብርድ ሌሊትም በር ተዘግቶበት ያድራል። ፍሙ ግን ሽታም ቀለምም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ማመንጨቱን አያቆምም። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ነቅቶ ያለውን ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ይጀምረዋል። እንዲህ የተሰማውን ሰው ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል።

ስለዚህ በአንድ ክፍል የሚኖር ቤተሰብ ማዕድ ቤቱን ሲያቅድ አስቀድሞ የሚመርጠው ከሰል የሚነድበትን የውጭ ቦታ ይሁን። ይህ አከራዩንም ይመለከታል፤ በግቢው ጥግ ጣራ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ የጋራ ማብሰያ ለመሥራት ጥቂት ቆርቆሮና አራት ምሰሶ ይበቃል። ቡናውም እዚያው ተፈልቶ ጀበናው ብቻ ወደ ቤት ይግባ።