በሜክሲኮ የተተከሉት እስፓንያውያን

የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ ሜክሲኮ አደባባይን ያውቀዋል። ስሙ የወጣበትን ምክንያትም ብዙ ሰው ያስታውሳል፤ ኢጣሊያ አገራችንን በኃይል በያዘች ጊዜ ወረራውን አንቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ነበረ። የዚያ መንግሥት መሪ የነበሩት ፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ በዚያው ዘመን ሌላም የሚታወስ ሥራ ሠርተዋል፤ ይኸውም በእርስ በርስ ጦርነት አገራቸውን ላጡት እስፓንያውያን በር መክፈታቸው ነው። አንባቢዎች ሆይ፥ ከቤቱ የተነቀለ ሕዝብ እንደ ምን ተመልሶ ማኅበር ለመሆን እንደሚበቃ ለማወቅ የእነዚህን ስደተኞች ታሪክ እንመልከት። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የእስፓንያ ጦርነት ከ1936 እስከ 1939 ቆየ። ባርሴሎና በጄኔራል ፍራንኮ ጦር እጅ በወደቀች ጊዜ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በፒሬኔ ተራሮች በኩል ወደ ፈረንሳይ ሸሸ። ብዙዎቹን የጠበቃቸው ግን በሽቦ የታጠረ የባሕር ዳር አሸዋ ነበረ። በጁን 13 ቀን 1939 ሲናያ የተባለች መርከብ 1,600 ያህል ስደተኞች ይዛ ከሜክሲኮ ወደብ ከቬራክሩዝ ደረሰች። ከእርሷ በኋላም ሌሎች መርከቦች ተከተሉ፤ በጠቅላላው ወደ ሜክሲኮ የገቡት 20,000 ያህል ናቸው። የሲናያ መንገደኞች የሚረግጡትን ምድር ገና ሳያዩ፥ በመርከቧ ላይ ሳሉ በየቀኑ የራሳቸውን ጋዜጣ ያወጡ ነበረ።

ነገሩ የሚያስገርም አይደለም። የተሰደደ ሰው የሚያጣው እንጀራውን ብቻ አይምሰላችሁ፤ ማን እንደ ነበረ የሚመሰክርለትንም ሰው ያጣል። ትናንት ዳኛ ወይም መምህር ወይም የመሥሪያ ቤት ጸሓፊ የነበረው ዛሬ በመዝገብ ላይ የሰፈረ ቍጥር ይሆናል። እኛም ቀኑን ሙሉ በቅጽና በቍጥር ሰው ስናስተናግድ የምንውል ሠራተኞች ይህን አንዳንድ ጊዜ ብናስበው አይከፋም።

ስደተኞቹ በሜክሲኮ ከተማ አስቀድመው ካቋቋሟቸው ነገሮች አንዱ ትምህርት ቤት ነበረ። የሉዊስ ቪቬስ ትምህርት ቤት በ1939፥ የማድሪድ ትምህርት ቤት በ1941 ተከፈቱ። በዚህም ሥራ ያጣው መምህር ሥራውን መልሶ አገኘ፤ ልጁም ያላየውን አገር ታሪክና መልክዓ ምድር ተማረ። በመካከላቸው ስምምነት ነበረ ማለት ግን አይደለም። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የኋን ኔግሪን ወገን አንድ የርዳታ ማኅበር ሲያቋቁም፥ የተቀናቃኛቸው የኢንዳሌስዮ ፕርዬቶ ወገን ሌላ አቋቋመ፤ ሁለቱ ትምህርት ቤቶችም በየፊናቸው ከእነዚሁ ሁለት ማኅበሮች ገንዘብ የተወለዱ ናቸው። ጦርነቱን ማን አሸነፈን፥ ማንስ አስሸነፈን የሚለው ክርክር በየቡና ቤቱ ለብዙ ዓመት አልበረደም። እንደ እኔ አስተያየት ግን ይህ ጠብ ራሱ ማኅበርተኛነት ነው፤ በአንድ ጉዳይ እስከዚህ ድረስ የሚጨቃጨቁ ሰዎች ባዕዳን ሊሆኑ አይችሉም።

ማኅበር የሌለው ስደት ምን እንደሚመስል ሌላ ምስክር አለ። በ1937፥ ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፥ ከ450 የሚበልጡ ሕፃናት ያለ ወላጆቻቸው ተልከው ሞሬልያ በተባለች የሜክሲኮ ከተማ እንዲያድጉ ተደረገ። መኝታና ምግብ፥ ትምህርትም ተሰጣቸው። ሆኖም የቤታቸውን ወግ የሚነግራቸው ዘመድ አልነበራቸውም፤ ብዙዎቹም ወላጆቻቸውን ዳግመኛ አላዩም።

ለተማሩት ስደተኞች ደግሞ መንግሥቱ በ1938 «የእስፓንያ ቤት» የተባለ የጥናት ቤት አቋቋመላቸው፤ ይህም በ1940 ስሙ ተለውጦ እስከ ዛሬ የታወቀው የሜክሲኮ ኮሌጅ ሆነ። በዚያ ያስተማሩት ፈላስፋው ሆሴ ጋኦስ፥ ስደተኛ የሚለውን የአገራቸውን ቃል፥ ከመሬቱ የተነቀለ የሚል ትርጕም ስላለው፥ ለራሳቸው አልወደዱትም። በእርሱ ፈንታ ትራንስቴራዶ የሚል ቃል ፈጠሩ፤ ከአንዱ መሬት ወደ ሌላው መሬት የተዛወረ ማለት ነው። በሲናያ መርከብ የመጡት ሌላው ፈላስፋ አዶልፎ ሳንቼስ ቫስኬስ ግን ይህን አልተቀበሉም። መነቀል መነቀል ነው፥ ቃል አያለሰልሰውም ባይ ነበሩ።

ብዙዎቹ የሜክሲኮን ዜግነት ወሰዱ፤ ልባቸው ግን በሚመጣው ዓመት እንመለሳለን እንዳለ ኖረ። ፍራንኮ በ1975 እስኪሞቱ ድረስ 36 ዓመት አለፈ። ሜክሲኮ በዚያ ሁሉ ጊዜ ለፍራንኮ መንግሥት ዕውቅና ሳትሰጥ ቆይታ፥ ከእስፓንያ ጋር ግንኙነቷን በ1977 አደሰች። በሩ ሲከፈት ግን የናፈቋት እስፓንያ በስፍራዋ አልነበረችም። በማድሪድ ጎዳና አነጋገራቸው የሜክሲኮ ሰው ያስመስላቸዋል፤ በሜክሲኮ ደግሞ እንደ ጥንቱ እስፓንያዊ ይባላሉ። ልጆቻቸው ተወልደው፥ ተድረው፥ ሥራ ይዘው የኖሩት በሜክሲኮ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ አገራቸውን አይተው ተመለሱ።

ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ዛሬም በሜክሲኮ ከተማ ያስተምራሉ፤ በወንበሮቻቸው የሚቀመጡት ተማሪዎች ግን አብዛኞቹ የሜክሲኮ ልጆች ናቸው።