ወረታ በ8 ቢት

አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ በፍላሽ ይዞ ወረታ ካሉት ኮምፒውተር ቤቶች አንዱ ጋ ጎራ ይላል። ፋይሉ ይከፈታል፤ ግን በአማርኛው ፈንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ይመጣል። «ቫይረስ በላው» ይባላል። አልበላውም።

ኮምፒውተር የሚያስቀምጠው ቁጥር ነው። በሩዝ መፈልፈያ ቤት ከረጢቱ ላይ ቁጥር ብቻ ተጽፎ፣ የማን እንደሆነ ከመዝገብ ይታያል እንበል። የሌላ ወፍጮ ቤት መዝገብ ከተገለጠ፣ ከረጢቱ ሳይነካ ባለቤቱ ይለወጣል። ያ መዝገብ ፎንቱ ነው።

ጣጣው የመጣው ቁጥሩ ስላነሰ ነው። 8 ቢት ማለት 0 ወይም 1 የሚገባባቸው 8 ቦታዎች ናቸው፤ ከነሱ የሚወጣው 256 ቁጥር ብቻ ነው። ግማሹን እንግሊዝኛና የማሽኑ ትእዛዞች ቀድመው ይዘውታል። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ 231፤ እነሏን፣ እነ፩ን፣ አራት ነጥብንም ጨምሩበት።

ጥበቱን በአንድ ማሽን እንየው፦ በ1982 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የወጣው ሲንክሌር ስፔክትረም የተባለ የቤት ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፊደል በ8 ረድፍ፣ በየረድፉም በ8 ነጥብ ይሥል ነበር። (ጬን እዚያ ውስጥ ለማስገባት የሞከረ ይፍረድ።) ባለቤቱ የራሱን ምልክት የሚሥልበት ቦታ 21 ነበር፤ ሦስት ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ማለት ነው። ወን፣ ረን እና ተን ብንሞላበት «ወረታ» ይጻፋል፤ ከ«ፎገራ» ግን ራ ብቻዋን ትቀራለች።

የኩዌቱ ኩባንያ ሳኽር በዚያው ዘመን ኤምኤስኤክስ የተባለውን ባለ 8 ቢት የቤት ኮምፒውተር ዐረብኛ አስችሎ ሸጧል። የዐረብኛ 28 ፊደላት ቅርጻቸው እንደየቦታው ቢለዋወጥም ይገባሉ። በእኛ በኩል አሜሪካ ውስጥ ፍሥሐ አጥላው በዳሽን ኢንጂነሪንግ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ሠራ፤ አዲስ አበባ ደግሞ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን «አጋፋሪ» የተባለውን ሠራ። ኋላ የመጡት ብዙዎቹ ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት አከፋፈሉት፤ ሁሉም የየራሱን መዝገብ አወጣ። እንደ እኔ ከቁጥሩ ማነስ የባሰው ጉዳት ይህ አለመስማማት ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር ስምምነት በ3.0 እትሙ 345 የግዕዝ ፊደላትንና ምልክቶችን ሲያስገባ የጋራ መዝገብ ተገኘ፦ ወ 4808፣ ረ 4648፣ ታ 4723። እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ለ8 በሚካፈል ቁጥር ይጀምራል። ተ 4720 ነው፤ ታ ራብዕ ናትና 3 ተደመረባት። ስምንተኛው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቷ ላሉት ነው።

ስለዚህ የድሮውን ፋይል አትሰርዙት። በምን ፕሮግራም እንደተጻፈ ጠይቁና ፎንቶቹን በሙሉ አስጭኑ፤ ብዙ ጊዜ ጽሑፉ በራሱ ይመለሳል። እስከዚያው ግን ሙሉውን መርጣችሁ ወደ አንድ ፎንት እንዳትለውጡት፤ የትኛው ቁጥር ከየትኛው ፎንት እንደመጣ የሚነግረው መረጃ ያኔ ይጠፋል።