ከማይኩ በፊት ክፍሉ

መርካቶም ይሁን መገናኛ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገብቶ «ለኮምፒውተር የሚሆን ማይክ አላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመለስለት ሌላ ጥያቄ ነው፤ «ለምን ሊጠቀሙበት ነው?» ሻጩ ይህን የሚለው የትኛውን ዋጋ እንደሚጠራ ለማመዛዘን ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ጥያቄው ተገቢ ነው። በዙም ስብሰባ የሚገባ የቢሮ ሠራተኛ፣ አሜሪካ ላሉ ልጆች ከአዲስ አበባ ሆኖ ፊደል የሚያስቆጥር መምህር፣ ለዩቲዩብ ትረካ የሚያነብ ወጣት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ዕቃ አይፈልጉም። እኔ ግን ከዚህም የሚቀድሙ ሁለት ጥያቄዎች አሉ ባይ ነኝ። ኮምፒውተሩ ምን ዓይነት ቀዳዳ አለው? የሚቀዳበት ክፍልስ እንዴት ያለ ነው? ዋጋው ከእነዚህ በኋላ ይምጣ።

ከቀዳዳው ልጀምር። ቆየት ያሉ ዴስክቶፖች ከጀርባቸው በቀለም የተለዩ ክብ ቀዳዳዎች አሏቸው፤ አረንጓዴው ለስፒከርና ለኤርፎን፣ ሮዝማው ለማይክ ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ሁለቱ ተጠቃልለው አንድ ቀዳዳ ሆነዋል። ሁሉም 3.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የትኛውም ጃክ የትኛውም ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ገባ ማለት ግን ሠራ ማለት አይደለም። የጃኩን ጫፍ ወደ ብርሃን አስጠግተው ቢያዩት ብረቱን የሚከፋፍሉ ቀጫጭን ጥቁር ቀለበቶች አሉት። የማይክ ጃክ ላይ ቀለበቶቹ ሁለት ከሆኑ ለሮዝማው ቀዳዳ የተሠራ ነው። ሦስት ከሆኑ ለስልክና ባለ አንድ ቀዳዳ ለሆነ ላፕቶፕ ነው። ባለ ሁለት ቀለበቱን አዲስ ላፕቶፕ ላይ የሰካ ሰው፣ ኮምፒውተሩ ኤርፎን የተሰካ መስሎት ዝም ይለዋል፤ ደህናው ማይክም ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል። መፍትሔው አንዱን ቀዳዳ ለሁለት የምትከፍል አጭር ገመድ ናት።

እዚህ ላይ በየዩቲዩበሩ ኮሌታ ላይ የምናያትን ቦያ ቢዋይ ኤም 1ን ሳላነሳ አላልፍም። ገመዷ 6 ሜትር ይረዝማል፤ ጃኳ ባለ ሦስት ቀለበት ነው። ገመዷ ላይ ኤልአር 44 የምትባል ክብ ባትሪ የምትገባባት ትንሽ ሳጥን አለች፤ ሳጥኗ ላይ ደግሞ ወዲያና ወዲህ የምትገፋ ማብሪያ። ማብሪያዋን ወደ ስልክ ሲገፏት ኃይል ከተሰካችበት ዕቃ ትወስዳለች፤ ወደ ካሜራ ሲገፏት ከራሷ ባትሪ። ለስልክና ባለ አንድ ቀዳዳ ለሆነ ላፕቶፕ የመጀመሪያው፣ ለካሜራና ለዴስክቶፑ ሮዝማ ቀዳዳ ሁለተኛው ነው። ብዙ ሰው ካሜራ ላይ እንደተገፋች ይተዋትና ሌላ ጊዜ ሲፈልጋት ባትሪዋ አልቆ ይጠብቀዋል።

ማይክ ለምን ባትሪ አስፈለገው የሚል ካለ፣ መልሱ ከአንድ የአሜሪካ ቤተ ሙከራ ይጀምራል። ኮንደንሰር የሚባለው ማይክ በሁለት ስስ ገጾች መካከል የኤሌክትሪክ ሙል ይፈልጋል፤ ድምፅ አንደኛውን ገጽ ሲያንቀጠቅጠው ሙሉ ይለዋወጣል፣ ለውጡም ድምፁን ይዞ በሽቦ ይወጣል። ድሮ ያን ሙል ለመስጠት ከውጭ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ያስፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ጀርመን ተወላጁ ጌርሃርድ ሴስለርና ቨርጂኒያ ውስጥ የተወለደው ጥቁር አሜሪካዊ ጄምስ ዌስት ቤል ላቦራቶሪስ ውስጥ ሲሠሩ፣ ሙሉን ለዓመታት ይዞ የሚኖር ስስ የቴፍሎን ሽፋን ተጠቅመው ይህን ችግር ገላገሉት። ኤሌክትሬት የሚባለው ማይክ የተገኘው በዚህ ነው። ርካሽና ትንሽ ስለሆነ ቴፕ ሪከርደሩ፣ ስልኩ፣ የመስሚያ መርጃው ሁሉ ውስጥ ገባ፤ ዛሬም ኮሌታ ላይ የምትቆነጠጠው ማይክ ያችው ናት። ሽፋኑ የራሱ ሙል ቢኖረውም የሚያወጣው ድምፅ በጣም ደካማ ነው። ስለዚህ አጠገቡ አንዲት ትንሽ ማጉያ ትራንዚስተር ትቀመጣለች። ባትሪው፣ ወይም ከኮምፒውተሩ ቀዳዳ የሚመጣው ጥቂት ቮልት፣ የሚያስፈልገው ለእሷ ነው።

ነገሩን ማወቁ ገንዘብ ያድናል። ገበያው ላይ ቢኤም 800 የሚል ስም ያለው ስቱዲዮ መሰል ማይክ፣ ከነማቆሚያውና ከነስፖንጁ፣ በማይታመን ዋጋ ይሸጣል። ጫፉ 3.5 ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድም አብሮት ይመጣል። ማይኩ ግን በደንብ የሚሠራው 48 ቮልት ከሚሰጥ መሣሪያ ጋር ነው፤ ኮምፒውተርዎ ላይ በቀጥታ ሲሰኩት ድምፅዎ ከጉድጓድ የሚመጣ ያህል ይርቃል። ያኔ ሰው ወደ ዊንዶውስ ሴቲንግ ገብቶ «ቡስት» የሚለውን እስከ ጫፉ ይገፋዋል። ድምፁም ከፍ ይላል፣ ሽሽታውም አብሮ ከፍ ይላል።

የዩኤስቢ ማይክ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለው የድምፅ ክፍል ከማራገቢያውና ከሌላው ዕቃ ጋር ተጨናንቆ ስለሚኖር የነሱ ጩኸት በትንሹም ቢሆን ይጋባበታል፤ የዴስክቶፕ የፊት ለፊት ቀዳዳ ደግሞ ከኋላው ይብሳል። ዩኤስቢ ማይክ ድምፁን ወደ ቁጥር የሚቀይረው እዚያው ሆዱ ውስጥ ነው፤ ኮምፒውተሩ ጋ የሚደርሰው ያለቀለት ቁጥር ነው። ካርቶኑ ላይ 96 ወይም 192 ኪሎ ኸርዝ ተብሎ በትልቁ የሚጻፈው አያስጎምጅዎ። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ በሰከንድ 44,100 ናሙና በ16 ቢት ነበር የሚይዘው፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ኸርዝ ድረስ ስለሆነ ለንግግር ከዚያ በላይ መክፈል ለካርቶኑ መክፈል ነው። ቁም ነገሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ማይኩ ላይ የኤርፎን ቀዳዳ ካለ የራስዎን ድምፅ ሳይዘገይ እየሰሙ ይቀዳሉ። ገንዘብ ያጠረው ሰው ደግሞ የኮሌታዋን ማይክ ይዞ፣ በአንድ ጫፍ ዩኤስቢ በሌላው ሁለት ክብ ቀዳዳ ያላትን ትንሽ አዳፕተር ቢገዛ ከተወደደ ማይክ የማይተናነስ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። ሻጮች ግን እሷን አያነሱልዎትም፤ ትርፏ ኢምንት ነው።

ወደ ክፍሉ እንግባ። ኮንደንሰርና ኤሌክትሬት ስስ ጆሮ አላቸው። ስቱዲዮ ውስጥ ይህ ጸጋ ነው። ግድግዳው ልስን ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት በሆነ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ግን ጣጣ ያመጣል። ከአፍዎ የወጣውን ድምፅ ከግድግዳ የተመለሰው ድምፅ ተከትሎት ይገባል፣ የሚያዳምጥዎም ሰው ባዶ አዳራሽ ውስጥ የቆሙ ይመስለዋል። የጎረቤት ጀነሬተር፣ ላይኛው ፎቅ ላይ የሚጎተት ወንበር፣ የሌሊት ውሻ፣ ሁሉም ይቀዳል። ክረምት ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለሚቀዳ ሰውማ ዝናቡ ራሱ ዋና ተናጋሪ ነው።

ለእንዲህ ያለው ቤት ዳይናሚክ ማይክ ይመከራል። ይህኛው ማግኔት ውስጥ የሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል ያለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣውና በየመድረኩ የምናየው ሹር ኤስኤም 58 የዚህ ወገን ነው። ለኮምፒውተር ከሆነ ሳምሰን ኪው 2ዩን የመሰለ፣ ዩኤስቢም የመድረክ ገመድም የሚቀበል አለ። ብዙ ሰው ዳይናሚክ የሩቁን ድምፅ አይሰማም ይላል። ይሰማል እንጂ! ልዩነቱ አፍዎን ካላስጠጉት ድምፅዎን አላወጣ ስለሚልዎ፣ ሳይወዱ ቀርበው እንዲያወሩ ማስገደዱ ነው። ጥቅሙ ከዚህ ቅርበት ይመጣል። ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ድምፅዎ ማይኩ ላይ በ6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ የጎረቤት ጀነሬተር ግን ባለበት ነው። ላፕቶፑ ላይ ከተገጠመው ማይክ ሲያወሩ አንድ ክንድ ያህል ርቀው ነው። ወደ አንድ ስንዝር ሲጠጉ 6 ዴሲቤል አተረፉ፤ ወደ ግማሽ ስንዝር ሲጠጉ ሌላ 6። ይህን ትርፍ የትኛውም ዋጋ የትኛውም ብራንድ አይሰጥዎትም፣ በነፃ የሚገኘውም ወንበር በመሳብ ነው። ኮሌታ ላይ የምትሰካውም ሥራዋን የምትሠራው ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብላ ስለምትቀመጥ ነው።

የሚቀርቡበት ጎንም አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ብሉ የቲ በሚባለው ማይክ የሚናገሩት በአናቱ ሳይሆን በጎኑ፣ ስሙ በተጻፈበት ፊት ነው፤ አይስክሬም እንደሚበላ ሰው አናቱ ላይ አፉን ደፍቶ የሚያወራበት ግን ብዙ ነው። ጀርባው ላይ አራት ምርጫ ያለው መዞሪያ አለ። ለአንድ ሰው የሚሆነው የልብ ቅርጽ የተሣለበት ነው፤ የፊቱን ይሰማል፣ የኋላውን ይቀንሳል። ክብ የተሣለበት ላይ ከተዉት ቤተሰቡን በሙሉ ይቀዳል። ማይኩን ምንም ይግዙ ምን፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ በሩ የተከፈተ ልብስ የሞላው ቁም ሣጥን፣ ወንበር ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ፣ ሁሉም ገደል ማሚቶውን ይውጣሉ። ጋቢ ከጀርባው ሰቅሎ የሚቀዳ ሰው ሊሳቅበት አይገባም።

እምምም የሚል ወፍራም ድምፅ ከሥር ከሰሙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቻርጀሩ ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ ሶኬቱ የመሬት ሽቦ በሌለው ቤት ይህ 50 ኸርዝ በቻርጀሩ በኩል ወደ ማይኩ መንገድ ያገኛል። ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ይቅዱ። ብዙ ጊዜ ወዲያው ጸጥ ይላል።

ብሉቱዝ ኤርፎን ለሥራ የሚያስብ ካለ አንድ ቃል ልበል። ማይኩ ሲከፈት ኤርፎኑ ወደ ስልክ ጥሪ አሠራር ስለሚዞር ድምፁ ይጠባል፤ በሰከንድ 8,000 ወይም 16,000 ናሙና ብቻ የሚይዙ ብዙ ናቸው። በጠባቡ መንገድ ላይ ሰ እና ፈ ይቀላቀላሉ። ለወሬ ችግር የለውም። ፊደል ለሚያስቆጥር መምህር ግን ባለ ገመዱ ይሻለዋል።

ሱቅ ሲሄዱ የራስዎን ላፕቶፕና ኤርፎን ይዘው ይሂዱ። ኦዳሲቲን የመሰለ ነፃ ፕሮግራም ይክፈቱና መጀመሪያ ምንም ሳይናገሩ ጥቂት ሰከንድ ይቅዱ፤ የማይኩ የራሱ ሽሽታ የሚሰማው ያኔ ነው። ቀጥሎ ፖሊስ፣ ፓስታ፣ ፍራፍሬ፣ ስስት የሚሉትን ቃላት ይበሉ። ፐ ላይ «ፑፍ» የሚል ፍንዳታ ካለ ስፖንጅ ወይም ትንሽ ወደ ጎን ዞር ማለት ያስተካክለዋል፤ ሰ ጆሮ የሚበሳ ከሆነ ግን የማይኩ ጠባይ ነውና ይተዉት። ገመዱን ጃኩ አጠገብ እጥፍ ዘርጋ እያደረጉም ያዳምጡ፤ ቅጭቅጭ ካለ ከወር አይዘልም።

ቤት ደርሰው ከሰኩት በኋላ ዙሙም ሆነ ኦዳሲቲው የላፕቶፑን ማይክ ይዞ ሊቀጥል ይችላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የአዲሱን ስም ይምረጡ። ለማረጋገጥ የማይኩን ወንፊት በጥፍርዎ ጫር ጫር ያድርጉት፤ ጩኸቱ አፍንጫዎ ሥር ያለ ያህል ጎልቶ ካልተቀዳ አሁንም የሚሰማዎት የላፕቶፑ ማይክ ነው።