ርካሽ የእጅ መሣሪያ ከየት ይመጣል? ጥራቱስ ስለ ምን ይለዋወጣል?

የእጅ መሣሪያ ስንል መዶሻን፣ መጋዝን፣ መሮን፣ ሞረድን፣ ፒንሳን፣ ካቻቢቴንና እነዚህን የመሳሰሉትን፣ ያለ ሞተር በሰው ጉልበት ብቻ የሚሠሩትን ዕቃዎች ማለታችን ነው። በከተማ ከእነዚህ አንዱ እንኳ የሌለበት ቤት ጥቂት ነው፤ ለአናጢው፣ ለቧንቧ ሠራተኛውና ለሜካኒኩ ግን እንጀራው ናቸው። ከእኛም መካከል ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ሙያ ሥራ የሚሰማራ ብዙ ስለሚኖር፣ መሣሪያው ከምን ብረት እንደ ተሠራ፣ ማን እንደ ሠራውና ዋጋው ስለ ምን እንደ ረከሰ ማወቅ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ስለ ስማቸው ጥቂት ላንሣ። መዶሻ፣ መጋዝ፣ መሮ፣ ጉጠትና ሞረድ ያማርኛ ስሞች ናቸው፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖና ዳዶ ግን ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው። በተለይም ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዙበት ዘመን፣ ከዚያም በኋላ እዚሁ በቀሩት ሜካኒኮችና አናጢዎች አማካይነት፣ እነዚህ ቃሎች በየጋራዡና በየእንጨት ሥራ ቤቱ ተለመዱ። ዛሬ ግን መርካቶ ገብቶ የካቻቢቴ ካርቶን የሚያስከፍት ሰው የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በቻይና፣ አልፎ አልፎም በሕንድ የተሠራ ዕቃ ነው። ስሙ ጣሊያን ሆኖ ቀረ፤ ዕቃው ግን አገሩን ለወጠ።

ካንድ ሱቅ ገብተን ፒንሳ ስንጠይቅ ነጋዴው «ኦሪጅናሉን ነው ወይስ የቻይናውን?» ይለናል። በከተማችን አነጋገር «የቻይና» ማለት ቶሎ የሚሰበር፣ የማይታመን ማለት ሆኗል። ይህ አነጋገር ከልምድ የመጣ ስለ ሆነ ፈጽሞ ውሸት ነው አልልም። ነገር ግን ጥራት ካንድ ሕዝብ ጋር አብሮ የሚወለድ ነገር እንዳልሆነ የመሣሪያ ታሪክ ራሱ ያስረዳል። (ከዚህ ቀጥሎ የሚጻፉት የውጭ አገር ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሼፊልድ የተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ከጥንት ጀምራ በቢላዋና በመሣሪያ ሥራ የታወቀች ናት። በ1740ዎቹ ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ ለሰዓት ሞላ የሚሆን የሚታመን ብረት ስላጣ፣ ብረቱን ከሸክላ በተሠራ ማቅለጫ ውስጥ አቅልጦ ወጥ የሆነ አረብ ብረት ለማግኘት ቻለ። የሼፊልድ ቢላዋ ሠሪዎች መጀመሪያ ላይ ብረቱ በጣም ጠጠረብን ብለው እንዳልተቀበሉትና እሱም ወደ ፈረንሳይ ይሸጥ እንደ ነበር ይነገራል። በኋላ ግን የከተማዋ ስም በመላው ዓለም የገነነው በዚሁ ብረት ነው። ስሟ ሲገንን አስመሳይ መጣ። ዞሊንገን በምትባለው የጀርመን ከተማና በአካባቢዋ ከሚሠሩት ቢላዋዎችና መቀሶች አንዳንዶቹ የሼፊልድ ስም እየተቀረጸባቸው በርካሽ ይሸጡ ጀመር። የጀርመን ዕቃ በዚያ ዘመን እንደዛሬው አልተከበረም ነበር፤ በ1876 በፊላደልፊያ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ የተገኘው ፍራንትስ ሬሎ የተባለ የበርሊን ፕሮፌሰር ያገሩን ዕቃ ርካሽና መጥፎ ነው ብሎ በግልጽ መጻፉ የታወቀ ነው።

እንግሊዞች በ1887 አንድ ሕግ አወጡ። ይኸውም የእንግሊዝ ዕቃ መስሎ የሚገባ የውጭ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት የሚያስገድድ ነው። ሐሳቡ ገዢው «በጀርመን የተሠራ» የሚለውን ጽሑፍ አይቶ እንዲሸሽ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ጀርመኖች ዕቃቸውን እያሻሻሉ ስለ ሄዱ፣ ለነውር የታሰበው ምልክት ጥቂት አሥር ዓመቶች ሳይቆይ የምስጋና ምልክት ሆነ። ዛሬ በእኛም ገበያ ነጋዴ ዋጋ ከፍ ሊያደርግ ሲፈልግ «ይኼማ የጀርመን ነው» ይላል!

በጃፓንም ላይ የደረሰው ይህንኑ ይመስላል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና ጦርነቱ እንዳለቀ የጃፓን ዕቃ በብዙ አገር የርካሽ ዕቃ ምሳሌ ነበር። በ1950 ዊልያም ኤድዋርድስ ዴሚንግ የተባለ አሜሪካዊ የስታቲስቲክስ ሊቅ በጃፓን ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ማኅበር ተጋብዞ ሄዶ የፋብሪካ ሰዎችን አስተማረ። የትምህርቱም ፍሬ የተበላሸውን ዕቃ ሥራው ካለቀ በኋላ እየለቀሙ ከመጣል ይልቅ፣ በሥራው መካከል በየጊዜው እየለኩ የብልሽቱን ምክንያት ማግኘት ይሻላል የሚል ነው። በ1951 በስሙ የሚጠራ ሽልማት ተቋቋመ። ዛሬ የጃፓን መጋዝና መሮ በብዙ አናጢዎች ዘንድ የተከበረ ነው።

ከጃፓን ቀጥሎ የመሣሪያ ሥራ ወደ ታይዋን፣ በተለይም ወደ ታይቹንግ ከተማ አካባቢ፣ ከዚያም ወደ ቻይና ተስፋፋ። በሕንድ በጃላንዳርና በሉዲያና ከተሞች ብዙ የመሣሪያ ፋብሪካዎች አሉ። የፋብሪካው ጉዞ ምን እንደሚመስል ለማየት ክራፍትስማን የተባለው የአሜሪካ ምልክት ጥሩ ማስረጃ ነው። ሲርስ የተባለው የሱቅ ድርጅት ከ1927 ጀምሮ በዚህ ስም መሣሪያ ይሸጥ ነበር፤ ራሱ ግን ፋብሪካ ሆኖ አይሠራውም፣ ለሌሎች ፋብሪካዎች እያዘዘ ያሠራው ነበር። የእጅ መሣሪያው ከተሰበረ ምንም ሳይከፈል በአዲስ ይለወጥ ስለ ነበር ስሙ ገነነ። እየቆየ ግን ሥራው ከአሜሪካ ወደ ታይዋንና ወደ ቻይና ሄደ። በ2017 ስሙ ስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር ለተባለው ኩባንያ ተሸጠ። ይህ ኩባንያ በ2019 በቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ላይ አዲስ ፋብሪካ አቋቁሞ ቁልፎችን እዚያው በአሜሪካ በአውቶማቲክ መኪና እሠራለሁ ብሎ ተናገረ፤ ይሁን እንጂ መኪናዎቹ እንደታሰበው ስላልሠሩ በ2023 ፋብሪካው እንደሚዘጋ አስታወቀ። እንግዲህ ገንዘብም ዕውቀትም ያለው አገር እንኳ አንድ ጊዜ ከእጁ የወጣውን ሥራ መልሶ ማምጣት እንዴት እንደሚቸግረው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

አሁን ወደ ብረቱ እንግባ፤ ዋናው ምሥጢር ያለው እዚህ ነውና።

ተራ የግንባታ ብረት በውስጡ ያለው ካርቦን ከመቶ 0.2 ያህል ብቻ ነው። ለመሮና ለሞረድ የሚሆነው አረብ ብረት ግን ከመቶ ከ0.6 ጀምሮ 1 እና ከዚያም በላይ ካርቦን ይኖረዋል። ልዩነቱ ለጆሮ ትንሽ ቢመስልም፣ ካርቦን ያነሰው ብረት የቱንም ያህል ቢሞቅና ቢነከር አይጠነክርም። ካርቦን ያለው ብረት በ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ እስኪቀላ ድረስ ይሞቃል፤ በዚህ ጊዜ ማግኔት አይስበውም። ወዲያው ውሃ ወይም ዘይት ውስጥ ሲነከር እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ለዘብ ባለ ሙቀት መሞቅ አለበት። የብረቱ ፊት ተፍቆ ሲጠራ ቀለሙ እየተለወጠ ይታያል፦ በ230 ዲግሪ ገደማ እንደ ገለባ ቢጫ፣ በ300 ገደማ ሰማያዊ ይሆናል። መሮ በገለባው ቀለም ላይ ይቆማል፤ እንደ ሞላ መተጣጠፍ ያለበት ዕቃ ደግሞ እስከ ሰማያዊው ይደርሳል።

እንግዲህ ዋጋ ለመቀነስ የሚፈልግ ፋብሪካ የሚያስቀረው ይህንኑ ዐይን የማያየውን ሥራ ነው። ብረቱ ካርቦን ያነሰው ይሆናል፤ ወይም ሁለተኛው ማሞቅ ይታለፋል፤ ወይም ደግሞ ተቀጥቅጦ መሠራት የሚገባው ዕቃ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል። ከዚያ በኋላ ላዩ በክሮም ይለበጥና ያብረቀርቃል። «ክሮም ቫናዲየም» የሚለውን ጽሑፍ መቅረጽ ደግሞ ቫናዲየም ከመጨመር ይልቅ እጅግ ይረክሳል። መካከለኛ ዋጋ ከፍሎ የተታለለ ሰው ቂሙን በፋብሪካው አገር ላይ ያደርጋል፤ ነገር ግን አንድ ፋብሪካ ለአንዱ አስመጪ ጥሩውን፣ ለሌላው መናኛውን ሊሠራ ይችላል። አስመጪው በዚህ ዋጋ ሥራልኝ ብሎ ካዘዘ ፋብሪካው በዚያው ልክ ይሠራለታል። ስለዚህ መናኛው ፒንሳ ወደ እኛ የመጣው ቻይና ሌላ መሥራት አቅቷት ሳይሆን፣ እኛ በምንከፍለው ዋጋ ስለ ታዘዘ ጭምር ነው።

አጎቴ አናጢ ነው፤ ከአባቱ የወረሰው የእንግሊዝ መሮ ስላለው «የዱሮ ዕቃ ዕቃ ነበር» ይላል። አክብሮቴ እንደ ተጠበቀ ሆኖ በዚህ ነገር ከእርሱ ጋር አንድ አልሆንም። በዚያም ዘመን መናኛ መሮ ይሠራ ነበር፤ ያ ግን ድሮ ተሰብሮ ተጥሏል። እስከ ዛሬ ቆይቶ የምናየው ጥሩው ብቻ ስለ ሆነ የዱሮው ሁሉ ጥሩ ይመስለናል። ደግሞም ያን ጊዜ ሙሉ የመሣሪያ ሣጥን የነበረው ስንት ሰው ነበር? አንድ ወጣት ዛሬ ባነስተኛ ገንዘብ መዶሻና መጋዝ ገዝቶ ሥራ ሊጀምር መቻሉ የርካሽ ዕቃ በጎ ፍሬ ነውና መካድ አይገባም።

ጉዳቱ ያለው ግን በሒሳቡ ላይ ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ በ150 ብር የገዛው ካቻቢቴ ጫፉ በ4 ወር ይዶለዱማል እንበል፤ በዓመት 450 ብር ያወጣል። 700 ብር የሚያወጣው ጥሩው 5 ዓመት ቢያገለግል በዓመት 140 ብር ብቻ ይደርስበታል። ይህን ሠራተኛው አጥቶት አይደለም፤ 700 ብር ባንድ ጊዜ ከኪሱ የሚያወጣበት ቀን ስለማይገኝ ነው። የተዶለዶመው ካቻቢቴ የቪቲውን ራስ ስለሚበላ የባለቤቱንም ሥራ ያበላሻል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንቶች ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለ ሆነ፣ ከውጭ የሚመጣው መሣሪያ ሁሉ ዋጋው ከፍ ብሏል። እንዲህ ባለው ጊዜ አስመጪው ወደ መናኛው ዕቃ ይበልጥ ማዘንበሉ አያስደንቅም።

ታዲያ ገዢው ምን ያድርግ? የፒንሳው ሁለት አፎች ተገጥመው ብርሃን ያሳልፉ እንደ ሆነ ወደ ፀሐይ አቅንቶ ይመልከት፤ መጋጠሚያውም ሲከፈትና ሲዘጋ ይወላገድ እንደ ሆነ ይሞክር። ነጋዴው ከፈቀደ ደግሞ ጥሩ ሞረድ ይዞ ሄዶ የመሮውን ስለት ዳር በቀስታ ይሳበው፤ ሞረዱ እንደ እንጨት ከበላው ብረቱ አልጠነከረም፣ ከተንሸራተተ ግን ጠንካራ ነው። ለመዶሻ ይህ ብቻ አይበቃም፤ ከመጠን በላይ የጠነከረ መዶሻ ስንጥሩ ተፈናጥሮ ዐይን ሊያጠፋ ይችላልና። በዚሁ ምክንያት ሁለት መዶሻ ፊት ለፊት ማጋጨት እጅግ አደገኛ ነው፤ ታናናሾቻችን ይህን ሲያደርጉ ካየን እንከልክላቸው።

አገር ውስጥ የሚሠራውንም መርሳት አይገባም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ መከልከላቸው የታወቀ ቢሆንም፣ ቀጥቃጭን መናቅ እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም። በመርካቶ ምናለሽ ተራና በየገጠሩ ያሉት ቀጥቃጮች ግን ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ መሮ፣ መጥረቢያና ዶማ ያወጣሉ። ባሌስትራ የጭነት መኪና እንዲሸከም የተሠራ፣ ከመቶ 0.6 ገደማ ካርቦን ያለው ብረት ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ ከብዙው አብረቅራቂ የሱቅ ዕቃም ይሻላል። ቀጥቃጩ የሙቀት መለኪያ የለውም፤ የሚፈርደው በብረቱ ቀለም ነው። ምድጃውን ጥላ ውስጥ የሚያደርገውም በፀሐይ ብርሃን የብረቱ ቅላት በደንብ ስለማይለይ ነው።