ምክር ሁሉ አንድ አይደለም፦ የንግግር ሕክምና ዓይነቶችን እንወቅ

በሽንዲ ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች በአንዱ የምትኖር አንዲት እናት በምሳሌ እናንሳ። እንቅልፍ ካጣች ወራት ተቆጥረዋል። ለአንድ ሶላት ስድስትና ሰባት ጊዜ ውዱእ ታደርጋለች፤ ሆኖም ልቧ አያርፍም። አንዱ «ጅን ነው» ይላታል፤ ሌላው «ኢማንሽ ደክሞ ነው» ይላታል። በመጨረሻ ወደ መስጂዱ ኢማም ሄዳ «ሸኽ፣ ምን ይሻለኛል?» ብላ ትጠይቃለች።

የዚህ ጥያቄ መልስ ለብዙዎቻችን ያስፈልገናል። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በዘለቀው ግጭት ሐዘንና ፍርሃት ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው።

በቅድሚያ፣ ማዘንና መጨነቅ የኢማን መጉደል ምልክት አይደለም። ነቢዩላህ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ እንዳለቀሱ ቁርኣን ይነግረናል። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ኸዲጃንና አቡ ጧሊብን ያጡበት ዓመት «የሐዘን ዓመት» ተብሎ ይታወቃል። መታከምም በሐዲስ የታዘዘ ነው።

ሙስሊም ሊቃውንት ይህን ቀድመው ጽፈውበታል። እ.ኤ.አ. በ934 ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በአንድ መጽሐፍ አስተምረዋል። ሐዘንን፣ ፍርሃትን፣ ቁጣንና ዋስዋስን ለይተው አብራርተዋል። ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ለጭንቀት ጊዜም የሚያረጋጋ ሐሳብ አስቀድሞ እንዲያዘጋጅ መክረዋል።

በእኛ አነጋገር ምክር ሲባል ሽማግሌ ተናግሮ ሌላው የሚሰማበት ነው። በንግግር ሕክምና ግን ይበልጥ የሚናገረው ታካሚው ነው። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛው በሐሳብና በድርጊት ላይ የሚሠራው ነው። ባለሙያዎች ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ይሉታል። አሜሪካዊው ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ የሐሳብ ሕክምናውን መሠረት ጥለዋል። ለዚያች እናት የሚስማማው ይህ ነው። የውዱእን ልክ ዓሊሙ ይነግሯታል፤ ባለሙያው ደግሞ በዚያ ልክ ላይ ቆማ፣ ሳትደግም፣ ጭንቀቱ በራሱ እስኪበርድ መታገሥን ደረጃ በደረጃ ያለማምዳታል።

ሁለተኛው የካርል ሮጀርስ መንገድ ነው። ባለሙያው ሳይፈርድና ሳይቸኩል ያዳምጣል። ሐዘኑን ለማንም መናገር ላልቻለ ሰው ይጠቅማል።

ሦስተኛው ከሰው ጋር ባለን ግንኙነት ላይ ያተኩራል፤ የሚወዱትን ሰው ማጣት፣ የትዳር ጠብ፣ ከቀዬ መፈናቀልና ብቸኝነት የሚታዩት በዚህ ነው። በገጠር ኡጋንዳ የሐኪም ሥልጠና የሌላቸው የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ይህን በቡድን ሰጥተው፣ ድብርት በግልጽ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት ታይቷል።

አራተኛው የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው አጭር ዘዴ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በአምስት ቀጠሮ ያልቃል። ሰውነትን በአተነፋፈስ ማረጋጋትን፣ ችግርን ከፋፍሎ መፍታትን፣ ወደ ሥራ መመለስንና የዘመድ ወዳጅ ድጋፍን ማጠናከርን ያስተምራል። የሠለጠነ ሰው እንጂ የግድ ስፔሻሊስት አያስፈልገውም።

በሲግመንድ ፍሮይድ የተጀመረው አምስተኛው መንገድ የልጅነት ዘመንን ይመረምራል፤ ረጅም ጊዜም ይወስዳል። ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ምሁር ማሊክ በድሪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሙስሊም ባለሙያዎች የምዕራቡን ሳይኮሎጂ ሳይመረምሩ እንዳይቀበሉ አሳስበዋል። ይህ ማለት ግን ሁሉንም መጣል አይደለም።

ታዲያ ከየት ይጀመራል? በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ ካለፈ በቡሬ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ ሲከፋም ወደ ባሕር ዳር ማስላክ ይቻላል። ባለሙያውን ሲያገኙ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የምናገረው በምስጢር ይያዛል? ስንት ቀጠሮ ይወስዳል? ሴት ከሆኑ ደግሞ ሴት ባለሙያ ትኖራለች? መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ረመዳን ሲገባ በራሱ አያቋርጥ፤ ሰዓቱ ወደ ኢፍጣርና ሱሑር ይዛወርለት እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ንግግር ብቻውን የማይበቃበት ጊዜም አለ። ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ መብላት ያቆመ፣ ወይም ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ብቻውን አይተው፤ በዕለቱ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ሩቅያ ቁርኣንና ዱዓ ነው፤ ማሰር፣ መግረፍና መድኃኒት ማስጣል የሩቅያ አካል አይደለም።

ወደ ኢማሙ እንመለስ። ለዚያች እናት ጊዜ ሰጥተው ካዳመጧት፣ ዱዓ ካደረጉላት፣ «ልጄ፣ ይህ ሕመም መድኃኒት አለው፤ ነገ ከባልሽ ጋር ጤና ጣቢያ ሂጂ» ካሏት፣ የሕክምናው በር በእሳቸው እጅ ተከፈተ ማለት ነው። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጣቸው።