ሐሳብ እንደ ጉንፋን ይተላለፋልን?

እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ምሁር ሪቻርድ ዳውኪንስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው «ዘ ሰልፊሽ ጂን» በተባለው መጽሐፉ «ሚም» የሚል አዲስ ቃል አስተዋወቀ። ዘረ-መል ከወላጅ ወደ ልጅ እየተገለበጠ እንደሚያልፍ ሁሉ ዜማም፣ ልማድም፣ እምነትም ከአእምሮ ወደ አእምሮ እየተቀዳ ይራባል ማለቱ ነው። የሚራባውም ለመቀዳት የተመቸው እንጂ የግድ እውነት የሆነው አይደለም። በኋላም ሃይማኖትን ከቫይረስ ጋር አመሳስሎታል።

ወገኖች ሆይ፣ ፈጥነን አንቈጣ። «ይህን ለአሥር ሰው ላክ፣ እስከ ማታ በረከትህ ይመጣል» የሚል መልእክት በስልኩ ያልደረሰው ማን ነው? ምንጩን የሚጠይቅ የለም፤ የሚያሠራጨው ፍርሃትና ጉጉት ነው። ለእኔ ከላኩልኝ መካከል (ይቅር ይበሉኝና) የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም አሉበት።

ነገር ግን ሁሉ እንዲህ ነውን? ወላይታን እንመልከት። የኤስ አይ ኤም ሚስዮናውያን በኢጣልያ ወረራ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1937 ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ያህል ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚገመቱ አማኞች ጠበቋቸው። በመካከሉ የነበረው ግርፋትና እስራት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር «ለመቀዳት የተመቸ» ማለት ይከብዳል። ተናጋሪው ዋጋውን እያወቀ በእግሩ ሄዶ ተናገረ፤ ሰሚውም የሚመጣበትን እያየ ወሰነ።

የሚም ደጋፊ ለዚህም መልስ አያጣም፤ «ሰማዕትነትም ሰውን ይማርካል» ይላል። እንዲያ ከሆነ የእርሱ ንድፈ ሐሳብ ራሱ የተሠራጨው እውነት ስለ ሆነ ነው ወይስ ለጆሮ ስለ ጣመ? ዳውኪንስ መጽሐፉን የጻፈው በማስረጃ ሊያሳምነን አስቦ ነው። ደግሞም የሰው ልጅ በእነዚህ ራሳቸውን በሚያባዙ ነገሮች ላይ ማመፅ እንደሚችል እዚያው ጽፏል። ማመፅ የሚችል ፍጡር ደግሞ መዝኖ መቀበልም ይችላል።

ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር (1፥1-4) ከዓይን ምስክሮች የተላለፈውን በጥንቃቄ እንደ መረመረና ለአንድ ለሚያውቀው ሰው በቅደም ተከተል እንደ ጻፈ ይናገራል። የቤርያ ሰዎችም ጳውሎስ ያስተማራቸውን ከመጻሕፍት ጋር እያስተያዩ ይመረምሩ ነበር (ሐዋ. 17፥11)።

በጥምቀት ትምህርት የጨረሱትን ስጠይቅ አንዳንዱ የትምህርቱን መልስ አንድ ቃል ሳያጎድል ይወጣዋል። «ይህንን ለማያምን ጎረቤትህ በራስህ አነጋገር እንዴት ታስረዳዋለህ?» ስለው ግን ዝም ይላል። እንዲህ ያለውን ተማሪ ለሁለተኛ ዙር አስቀረዋለሁ፤ ወላጆቹ አንዳንዴ ያኮርፉኛል።