በጋምቤላ የድንበርና የሰው ደኅንነት

የአገር ድንበር ተከብሮ ሳለ በድንበሩ ላይ የሚኖረው ሰው በስጋት ሊያድር ይችላል። የመንግሥት ደኅንነት የሚባለው ወሰንን፣ ሉዓላዊነትንና ሥልጣንን ይመለከታል። የሰው ደኅንነት ግን ማለዳ ከብቱን አሰማርቶ ማታ በሰላም የመመለስ፣ ልጅን ትምህርት ቤት የመላክና ከሰፈር ሰፈር ያለፍርሃት የመሻገር ጉዳይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ሪፖርት ሁለቱን ለይቶ አስቀምጧል። በኢትዮጵያ ይህ ልዩነት ከሁሉ በላይ ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዷ ጋምቤላ ናት።

ክልሉ ዛሬ ከደቡብ ሱዳን ጋር የሚዋሰንበት መስመር ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አጼ ምኒልክና ብሪታንያ ከተፈራረሙት ውል የመጣ ነው። ውሉ በባሮ ወንዝ ዳር ለብሪታንያ የንግድ ጣቢያ ፈቅዶ ነበር፤ የጋምቤላ ከተማም ያደገችው በዚያው ጣቢያ ዙሪያ ነው። መስመሩ ግን የኑዌርንም የአኝዋክንም ሕዝብ ለሁለት ከፍሏል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ የኑዌሩ ከብት ወደ ወንዝ ዳር ይነዳል፤ ወንዝ ዳሩ ደግሞ አኝዋኩ የሚያርስበትና ዓሣ የሚያጠምድበት ነው። ለውኃና ለግጦሽ የሚንቀሳቀስ እረኛ የወሰን ምልክት አይቶ አይቆምም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. የሆነው የዚህን ድንበር ክፍተት በመራራ መንገድ አሳይቷል። ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ጎሳ ታጣቂዎች በኑዌር ዞን በጂካዎና በላሬ ወረዳዎች መንደሮችን ወረሩ። ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ፣ ከ100 በላይ ሕፃናት ታፍነው ተወሰዱ፣ ከ2 ሺህ በላይ ከብት ተነዳ። የኢትዮጵያ መከላከያ ሠራዊት ድንበር ተሻግሮ ፍለጋ ጀመረ፤ ከልጆቹም ብዙዎቹ በየጊዜው ተመለሱ። ወራሪው የየትኛውም አገር መደበኛ ጦር አልነበረም። በጁባ ያለው የደቡብ ሱዳን መንግሥት ራሱ ሙርሌ በሚኖርበት በፒቦር አካባቢ ያለው ሥልጣን የላላ ነበር። በአገርና በአገር መካከል ለሚደረግ ጦርነት የተዘጋጀ መከላከያ እንዲህ ያለውን ጥቃት አስቀድሞ ለማስቆም ይቸገራል፤ ተጎጂውም ዘወትር መንደርተኛው ነው።

መንግሥት ሳይደርስለት ሲቀር ሰው ክላሽ ይገዛል። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሩ ጆን ሄርዝ እ.ኤ.አ. በ1950 የደኅንነት አጣብቂኝ ብሎ የሰየመው ሁኔታ በዚህ ይጀምራል። አንዱ ራሱን ለመከላከል ሲታጠቅ ጎረቤቱ ሊወጋኝ ነው ብሎ ይሰጋል፤ እሱም ይታጠቃል፤ በመጨረሻም ሁለቱም ከመታጠቃቸው በፊት ከነበሩበት የባሰ ስጋት ላይ ይወድቃሉ። ሐሳቡ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ መንግሥታት ነው። ለጎረቤት ሕዝቦችም እንደሚሠራ ግን በክልሉ ኢታንግ ወረዳ በኑዌርና በአኝዋክ መካከል በተደጋጋሚ ታይቷል፤ በ2015 ዓ.ም. በዚያ የተነሳው ግጭት ወደ ጋምቤላ ከተማ ዘልቆ ሰዓት እላፊ እስከ ማወጅ አድርሷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከተማዋ በሰፈር ትከፋፈላለች፤ ገበያው ይቀዘቅዛል፣ ሰውም ዘመዱ ወደሚበዛበት ሰፈር ይሰበሰባል።

የጎረቤት አገር ጦርነት ይህን ስጋት አባብሶታል። ደርግ ካርቱም ተቃዋሚዎቹን ስለምትረዳ በ1975 ዓ.ም. የተመሠረተውን የጆን ጋራንግን የሱዳን ሕዝብ ነጻ አውጪ ጦር በጋምቤላ አስጠጋ፤ የኢታንግና የፒኝዶ የስደተኛ ጣቢያዎችም ለጦሩ እንደ ደጀን አገልግለዋል። ደርግ ሲወድቅ ጦሩ ወጣ፤ መሣሪያው ግን በአካባቢው ተበትኖ ቀረ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ደግሞ በደቡብ ሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ተነሳ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 307 ሺህ ያህል ነዋሪ የነበረው ክልል ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞችን ተቀበለ። ይህ ታላቅ ደግነት ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ከአገሪቱ ድሃ ክልሎች አንዱ ነው። ከስደተኞቹ አብዛኞቹ ኑዌሮች በመሆናቸው በአኝዋኩ ዘንድ በገዛ አገራችን አናሳ ልንሆን ነው የሚል ፍርሃት አደረ። እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ላይ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ለደኅንነት ሲባል ስደተኞች ከሸሹት አገር ድንበር በተቻለ መጠን ራቅ ብለው እንዲሰፍሩ ይደነግጋል። ጋምቤላ ግን ራሷ የድንበር ክልል ናት።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ጠባቂው ራሱ የስጋት ምንጭ ሲሆን ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በአንድ ተሽከርካሪ ላይ የተጣለ የደፈጣ ጥቃት ስምንት ሰዎችን ከገደለ በኋላ፣ ወታደሮችና ከደጋ አካባቢዎች መጥተው በጋምቤላ ከተማ የሰፈሩ ነዋሪዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ አኝዋኮችን ገደሉ። ሰኔ 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊትና የጋምቤላ ነጻነት ግንባር ከተማዋን አጠቁ። ጥቃቱ ከተመከተ በኋላ የጸጥታ ኃይሎች ከታጣቂዎቹ ጋር ተባብራችኋል በሚል ቢያንስ 50 ሲቪሎችን እንደገደሉ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አረጋግጧል። የመንግሥት ደኅንነት በዚያ ቀን ተጠበቀ፤ የተገደሉት ሰዎች ደኅንነት ግን በጠባቂዎቻቸው እጅ ጠፋ።

ትጥቅ ማስፈታት አስቸጋሪ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ወገን ብቻ መሣሪያውን ካስረከበ ለሌላው ይጋለጣል፤ ሁለቱም ቢያስረክቡ እንኳ ከድንበር ማዶ ያለው ሙርሌ እንደታጠቀ ነው። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች በመላ አገሪቱ ሲፈርሱ የጋምቤላው ልዩ ኃይልም አብሮ ፈርሶ፣ የገጠሩን ሕዝብ የመጠበቁ ሸክም በፌዴራል ኃይሎች፣ በክልሉ ፖሊስና በሚሊሻ ላይ አርፏል። አንድ የጂካዎ አባወራ ክላሹን እንዲያስረክብ ሲጠየቅ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ ሌሊት ጥይት ሲሰማ ማን እንደሚደርስለትና በስንት ሰዓት እንደሚደርስ ነው።